ከሙዙ ሥር

«የእህቴን ቤት ለጊዜው አንነካውም» አለ ኃይለሚካኤል። ወሰንየለሽ ከጭቃው ግድግዳ ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ነበር። ግድግዳው ያባቷ ሥራ ነው፤ ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላም የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለበትም፤ ድምፅ ግን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ግንበኛው ሰይፈዲን አንድ ነገር ጠየቀ፤ የሱ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ አልተሰማትም። የወንድሟ መልስ ግን አንድ ቃል ሳይቀር ደረሳት። እሷ እስካለች ትቀመጥበት፣ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ረድፍ እዚያ ላይ ያርፋል አለው። የሜትሩ ቆርቆሮ ክርር ብሎ ተጠቀለለ፤ ሁለቱም ወደ ሙዙ በኩል ሄዱ።

ጫማዋን ካገኘች በኋላም ከአልጋዋ አልተነሣችም። ሃምሳ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ የኖረ ሰው «ለጊዜው» ሲባል ምን እንደሚሰማው ከዚያ ቀን በፊት አታውቅም ነበር። አባቷ አቶ ይትባረክ ሦስት ዓመት አልጋ ሲይዙ ያነሣቻቸውም ያስቀመጠቻቸውም እሷ ነበረች። የቦታው ካርታ ሲወጣ አንድ ስም ይበቃል ተባለና ኃይሌ የተማረ ነው፣ ቢሮ መግባት ያውቃል ብላ ራሷ በስሙ አስደረገችው። ወንድሟ ከዚያ ወዲህ ከጅማ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነበር። ዘንድሮ ሥራውን ለቀቀና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ስድስት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆኑ፣ በአንድ ረድፍ ሊሠራ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ከመጣ አምስተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን ስለ ሲሚንቶ እንጂ ስለሷ አላወራም።

ግቢው ጠባብና ረጅም ነው፤ ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። መንገዱ ዳር ያባታቸው ሱቅ አለ፤ አሁን ሀጂራ ተከራይታ ስኳርና ሳሙና ትሸጥበታለች። መሐሉ ላይ በግራ የወሰንየለሽ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ ዝንጅብሏና ኮረሪማዋ፤ በቀኝ ደግሞ ሙዙ አለ፤ ወደ ሃያ ግንድ ይሆናል፣ ቅጠሉ የሱቁን ጣሪያ ያክላል። ከዚያ ጎደሬ፣ ከጎደሬው ወዲያ ቄጠማና ውሃ። እንግዳ የሆነ ሰው መሬቱ ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ ላዩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጣሉበትን ሁሉ የሚያበቅል ነውና። ወሰንየለሽ ግን ሥሩን ታውቀዋለች። ሁለት ስንዝር ጥቁሩ ካለቀ በኋላ ቀዩ ይመጣል። በግራ በኩል ቀዩ ሰው ከነቁመቱ ሁለት ጊዜ ቢገባበትም አያልቅም። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ቶሎ ያልቅና እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ግራጫ ጭቃ ይተካዋል፤ ሽታው የእንቁራሪት ነው፣ የወረደበትን ውሃ አይጠጣም፣ ዝም ብሎ ተሸክሞት ይከርማል።

ይህን የተማረችው በስድስት ዓመቷ ነው። በ1961 አባቷ ከጉራጌ አገር ጨርቅና ጨው ይዘው መጥተው ይህን ቦታ ባገኙ ጊዜ፣ ቤት ከመሥራታቸው በፊት ሦስት ቦታ ላይ ክንድ ክንድ ጉድጓድ አስቆፈሩ። የወጣውን አፈር መልሰው እዚያው ሞሉበትና በእግራቸው ረገጡት። ታች ያለው ጎደለ። በቀኝ ያለው ልክ መጣ። በግራ ያለው ግን ሞልቶ ሁለት ቅርጫት አፈር ተረፈ። «ቤት የሚሸከመው የሚተርፈው ነው» አሏት፤ እሷ የተረፈውን አፈር በትንሽ ቅርጫት ተሸክማ ለመደቡ አመላለሰችው። በቀኝ በኩል ሽንት ቤት ይቆፈር ተባለ። የቆፈረው ከሸዋ ቤንች በኩል የመጣ፣ ቁመቱ አጭር፣ ክንዱ እንደ ግንድ የሆነ ሰው ነበር። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እሷ በደረቷ ተኝታ ታየዋለች፤ እሱም ከታች ሆኖ፣ ብርሃኔን አትውሰጂብኝ እያለ ይጮህባታል። ማታ ሲወጣ ከጥርሱ በቀር ነጭ ነገር አይቀርለትም። እናቷ ውሃ ሲያፈሱለት ከክንዱ የሚወርደው ቀይ ውሃ ድንጋዩ ላይ እንዴት መንገድ እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ዓይኗን ስትጨፍን ታየዋለች። ያኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ ያለው መኪና በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የሰው ድምፅ ከማዶው ኮረብታ ድረስ ይሰማ ነበር።

ያ ጉድጓድ ዘጠኝ ዓመት አገለገለና ሞላ። በ1970 ሲደፈን እሷ አሥራ አምስት፣ ኃይለሚካኤል ሁለት ዓመቱ ነበር። አመድ፣ የተሰበረ ማሰሮ፣ የበሰበሰ አጥር ወደ ውስጥ ተጣለ፤ አልሞላ ሲል ግንድ በላዩ ተረበረበና አፈር ለበሰ። እናቷ ሳምንት ሳይቆዩ ሙዝ ተከሉበት። በሰፈሩ ሁሉ የሚደረገው እንዲሁ ነው፤ የሞላ ጉድጓድ ሙዝ ይሰጠዋል። ሙዙ በዓመቱ ሰው አከለ። እናቷም ወሰንየለሽን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ ሕፃኑ ሲያድግ እንዳትነግሪው፣ ቀፎት አይበላልንም ብለው አስጠነቀቋት። አልነገረችውም። ኃይለሚካኤል በዚያ ሙዝ አደገ። ጅማ ለትምህርት ሲሄድ በአውቶብስ ረዳት እጅ ሙዙን ይልኩለት ነበር፤ ሥራ ይዞ አግብቶም እየደወለ፣ እንደናንተ ሙዝ ያለ ጅማ የለም ይል ነበር። እናቷና እሷ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። አሁን እናትየውም የሉም። ያንን ሳቅ የሚያውቅ ከሷ በቀር በምድር ላይ አንድ ሰው አልቀረም። በየክረምቱ የሙዙ መሬት አንድ ስንዝር ይሰምጣል፤ በመስከረም እሷ አመድና አፈር ተሸክማ ትሞላዋለች። አርባ ሰባት መስከረም ሞልታዋለች።

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ሙዙ ግማሹ ተቆርጦ ተኝቷል። ኃይለሚካኤል አንድ ብስል ሙዝ ልጦ እየበላ፣ በሌላው እጁ ያፈሰውን ጥቁር አፈር በጣቶቹ መሐል ያፈርሳል። እንዴት አደርሽ ካላት በኋላ እጁን ዘረጋላት።

«እትዬ፣ ይህን አፈር እይው እስቲ። ቅቤ እኮ ነው። ይህን ቦታ ለሙዝ ትተሽው ኖርሽ!»

«ጋሼ፣ ቤት ቅቤ አይወድም፤ ቤት የሚወደው ድንጋይ ነው» አለ ሰይፈዲን ሲባጎውን ሳይለቅ።

ኃይለሚካኤል ሳቀ። ስህተቱ የሱ ብቻ አልነበረም። በዚህ አገር መሬት የሚመሰገነው በሚያበቅለው ነው፤ ቡና የሚሰጥ መሬት፣ ጎደሬ የሚሰጥ መሬት ይባላል እንጂ ቤት የሚሸከም መሬት የሚል ብዙ ሰው የለም። ሰይፈዲን ጥርጣሬ ገብቶት ነበር፤ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ቆፍረን ጠንካራ ካላገኘን እንወርዳለን አለና ነገሩን ተወው። ከዚያ ጎደሬው አጠገብ ለሴፕቲክ ታንክ ወደታሰበው ቦታ ወረደና ቀድሞ ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጀሪካን ውሃ ገለበጠ። መሬቱ ይጠጣ አይጠጣ እንደሆነ ከምሳ በፊት አያለሁ አለ። ጊዜው የካቲት ነው፤ ታች ያለው ጭቃ ከላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ለማያውቀው ሰው ደረቅ መሬት ይመስላል።

ወሰንየለሽ ሁሉንም ቆማ አየች። ሁለት ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ቃላት ከተናገረች በኋላ የሚመጣውን ጥያቄም ታውቀዋለች፤ ታዲያ የት እንሥራ ነው የሚባለው። ከላይ ሱቁ፣ ከታች ውሃው ነው። ቤት የሚሸከም መሬት በግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አልጋዋ ያለበት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ዘንቢሏን አነሣች።

ገበያ ላይ የምትገዛው ብዙ ነገር አልነበራትም። ሽንኩርቱን ጠይቃ ተወችው፣ ጎመኑን በሃያ ብር ገዛች፤ ዝንጅብል በስንት እንደሚሸጥ አየችና የራሷ ዝንጅብል ያን ያህል እንደማያወጣ ለራሷ ነገረችው። ስትመለስ ሀጂራ ሱቅ ደጃፍ ላይ አረፈች። ሀጂራ በርጩማ አወጣችላትና ሲሚንቶ እንደገና መጨመሩን፣ የቆርቆሮ ዋጋ ከጅማ ይልቅ እዚህ መርከሱን ነገረቻት፤ ሁለቱም ይህ ሊሆን እንደማይችል ያውቃሉ። ከዚያ ግቢው ሊያምር ነው፣ አንድ ክፍል ለራስሽ ትወስጃለሽ አይደል አለቻት። ወሰንየለሽ ቤት አለኝ ብላ መለሰች። ሀጂራ ዓይኗን ወደ ስኳሩ መለሰችና፣ አዎ ቤትስ አለሽ አለች።

እዚያው ተቀምጣ ግንቡን በሐሳቧ ስታሰነጥቀው ቆየች። ሁለት ክረምት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ክረምት በሩን ያጣብቀዋል፤ ኃይሌ አናጢ ጠርቶ ያስልገዋል። በሁለተኛው ከመስኮቱ ማዕዘን የሚነሣ ስንጥቅ እስከ ጣሪያው ይወጣል፤ ጣት የሚያስገባ ይሆናል። እሷ በዚያን ጊዜ ከጭቃ ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ሐሳቡ ጣፈጣት፤ ከጣፈጣት በኋላ ግን አሳፈራት። የሚከራዩት ልጆች፣ መጽሐፋቸውና ፍራሻቸው፣ የግድግዳ ላይ ፎቶዎቻቸው መጡባት። አባቷ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር የሚለውን ሐሳብ ግን አላስጠጋችውም፤ አባቷ በሕይወት ሳሉም በሷ ነገር ላይ ብዙ አይናገሩም ነበር።

ወደ ግቢ ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው የዶማውን ድምፅ ነው። ቀይ አፈር ሲቆፈር ድም ይላል፤ ድምፁ እግር ሥር ድረስ ይመጣል። ይህ ግን ፍም የሌለው አመድ ላይ የወደቀ ድንጋይ ይመስል ቡፍ፣ ቡፍ ይላል። የሚቆፍረው ኢሳይያስ ነው፤ የዚያ የ1961 ቆፋሪ ልጅ፣ ሽበት የጀመረው፣ እንደ አባቱ አጭር የሆነ። የመሠረቱን ቦይ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መሐል ደርሷል፣ አፈሩ እስከ ወገቡ ሆኗል፤ ደስ ብሎት ይሠራል፣ መሬቱ ቀሎታልና። ወንድሟ ከላይ ቆሞ ያየዋል። ወሰንየለሽ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። በግንድ የተሸፈነውን፣ ግንዱ ከበሰበሰ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከሥሩ ያለው ባዶ የት ላይ እንደሚጀምር አሰበች። ኢሳይያስ ሁለት እግሩን ገጥሞ ዶማውን ከራሱ በላይ አነሣ።

«ኢሳይያስ፣ ውጣ» አለች።

ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን ዶማው ባየር ላይ ቀረ። ምነው እትዬ ወሰን አላት። አንዴ ውጣ ብላ ደገመችለት፤ በእጁ ሳይሆን በጉልበቱ እየተደገፈ ወጣ። ከዚያ ነገረቻቸው። ብዙ ቃል አልፈጀባትም፤ ዓመቱን፣ ጥልቀቱን፣ በምን እንደተደፈነ፣ ሙዙ ለምን እንደተተከለ። የቆፈረውም አባትህ ነው አለችው ኢሳይያስን። ሰይፈዲን ከተከመረው ፌሮ አንዱን፣ ሦስት ሜትር የሚሆነውን አነሣና ኢሳይያስ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ በአንድ እጁ ገፋው። ብረቱ ገባ። እንደገና ገፋው፤ ገባ። ከላይ አንድ ክንድ ሲቀረው እጁን አነሣና ወደ ኋላ ሁለት ርምጃ ተራመደ። ኢሳይያስ ብረቱን አየው፣ እግሮቹን አያቸው፣ ከዚያ ጭቃ ያልነካው የእጁ ጀርባ የት እንዳለ ፈልጎ ግንባሩን ጠረገ።

ኃይለሚካኤል የጠዋቱን የሙዝ ልጣጭ ሲመለከት ቆየ። ፊቱ ቀላ።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበርሽ። ለምን ዝም አልሽ?»

«ለጊዜው ነው ዝም ያልኩት።»

ሌላ ሰው ቢሰማው ተራ መልስ ነው። እሱ ግን ወደ ጭቃው ግድግዳ ዞረ፤ ዓይኑ ጠዋት ከሰይፈዲን ጋር የቆመበት ቦታ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ያልጋዋ መስኮት ላይ። በሁለቱ መሐል እንዲህ ያለ ዝምታ አዲስ አይደለም፤ አባታቸው የተቀበሩ ዕለት፣ ካርታው የወጣ ዕለትም ነበር። ያኔ ግን ዝምታውን ሁለቱም ተስማምተው ሞሉት፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ እያወሩ። አሁን የሚሞላበት ነገር አላገኙም። ዝምታውን ያፈረሰው ኢሳይያስ ነበር።

«ጋሼ ኃይሌ፣ ሙዙ ግን ጣፋጭ ነበር» አለ።

ሰይፈዲን ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ወሰንየለሽም ያልጠበቀችው ሳቅ ወጣት፤ እንደ ድሮው፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንደነበረው፣ ዓይኗ እርጥብ እስኪሆን ሳቀች። ኃይለሚካኤል፣ እማዬም ታውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። የተከለችው እሷ አይደለች እንዴ አለችው። ራሱን ነቀነቀ፤ ከንፈሩ ጥቂት ተከፈተ፣ ለሳቅ ይሁን ለሌላ አልለየም።

ሰይፈዲን ወደ ታች ወርዶ ሲመለስ ሳቁ አልቆ ነበር። የጠዋቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጣት አልጎደለም፣ ደመናው ሳይቀር ውስጡ ይታያል አላቸው። ሴፕቲኩ ታች ከሆነ በሐምሌ ወደ ላይ ይመለስብናል አለ። ስለዚህ ቤቱም ጉድጓዱም ቦታ አጡ። ሦስቱም ወንዶች ግቢውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ የአንዳቸውም ዓይን ግራው ላይ አልቆየም፤ ሁሉም ግን ያለፈው በዚያ በኩል ነው። ወሰንየለሽ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ቤቱ እዚህ ነው የሚሠራው» አለች ግድግዳዋን በመዳፏ ነክታ። «ጉድጓዱ ደግሞ ከዝንጅብሉ ላይ ይሁን። እዚያ ያለው መሬት ይጠጣል። አባባ ሞክረውታል።»

«እትዬ፣ ያንቺ ቤት እኮ ነው» አለ ኢሳይያስ።

«አውቃለሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው ስተኛበት።»

ኃይለሚካኤል ወደሷ ተጠጋ። አንቺስ አላት፤ ከመጣ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ይህን ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። ከግድግዳው ላይ እጇን አላነሣችም፤ ጭቃው በቀን ፀሐይ ሞቅ ብሏል፤ አባቷ መጨረሻ የለቀለቁት ጊዜ ከጭድ ጋር የገባች የባቄላ ቅርፊት ከጣቷ ሥር አለች። የመጀመሪያው ክፍል የኔ ነው አለችው። ቤቱ እስኪያልቅ ሀጂራ ጓዳ እተኛለሁ። ሙዙ የነበረበትን ማንም አይነካውም፤ ቤት አይችልም እንጂ ዝንጅብል ይችላል፤ ዝንጅብሌን ወደዚያ አዛውራለሁ። ካርታው ላይ ከስምህ አጠገብ ስሜ ይጻፍ። ይህን ሁሉ የተናገረችው ገበያ ለምትልከው ሰው የሚገዛውን እንደምትዘረዝርለት አድርጋ ነበር። ሰይፈዲንና ኢሳይያስ ሰምተዋል፤ እንዲሰሙም ብላ ነው።

ወንድሟ አንዴ ወደ ሱቁ አየ፣ አንዴ ወደ ጅረቱ።

«ሰኞ አብረን ቢሮ እንሄዳለን» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሰይፈዲን ሲባጎውን ከሙዙ በኩል ፈትቶ ወደ ግራ አመጣው። ቤቱ ገና አልፈረሰምና በግድግዳው ጎን፣ በጥላው መስመር ዘረጋው። ወሰንየለሽ ማዕዘኑ ላይ ቆማ ጫፉን ያዘችለት። ከሲባጎው ጋር ዓይኗ ሄደ፤ በሩን አለፈ፣ እናቷ ሰሐን ያስቀምጡበት የነበረውን መስኮት አለፈ። የአባቷ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ሳይደርስ ሰይፈዲን ሦስት ብሎ ቆመና ችካል ተከለ። የመጀመሪያው ክፍል ይኸው ነው አላት። ችካሉን አየችው፤ ከችካሉ ወዲያ የቀረውን ግድግዳም አየችው።

«አራት አድርገው» አለች።

ሰይፈዲን ወደ ኃይለሚካኤል ዞረ። ስድስት ክፍል በዚህ መሬት ላይ ልክ የሚገባው ሁሉም ሦስት ሦስት ከሆነ ነው፤ አንዱ አራት ከሆነ ስድስተኛው ይቀራል። ይህን ለማስላት ከሦስቱ አንዱም ወረቀት አላስፈለገውም። ኃይለሚካኤል ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ፣ አጎነበሰና ችካሉን ነቀለው። ከዚያ ግድግዳውን ተከትሎ አንድ ሰፊ ርምጃ ተራመደ፣ ችካሉን መሬት ላይ አቆመና ድንጋይ አንሥቶ መታው። ቀዩ አፈር በሁለት ምት ያዘው።